በአውራ ጣቴ የሸፈንኩት ጽሑፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አልሄድም ብያለሁ። አስናቀች ደግሞ ትሄዳለህ ብላ በሩን ደርግማብኝ ወጣች። ሴት ልጅ ወልዶ፣ አስተምሮ፣ ድሮ፣ በስተርጅና ከአንኮበር ደብረ ብርሃን መጥቶ ቤቷ ሲገባ በር የሚደረገምበት ሰው እኔ ነኝ።

ቃልኪዳን ከኬጂ ወረቀት ይዛ መጣች። የልጅ ልጄ ናት፤ ቃል ነው የምንላት፤ አምስት ዓመቷ። የተለመደው የወላጅ ጥሪ መስሎኝ ሳላነብ ለእናቷ አቀበልኩ። አስናቀች አነበበችና መልሳ ጭኔ ላይ ጣለችው። «አያትየው ነገ ጠዋት ይምጡ» ይላል። ከነፊርማው፣ ከነማኅተሙ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ልጅ ሆኜ እንኳ ወላጅ አምጣ ተብዬ አላውቅም። (ሁለት ጊዜ ተብያለሁ። ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የሌላ ልጅ ነበር።)

ጥፋቴን ጠየቅሁ። ቃል አንዲት ልጅ አስለቅሳለች፤ ማን አስተማረሽ ሲሏት «አባባ» ብላለች። አባባ እኔ ነኝ።

ጥፋቱ ግን የመጽሐፉ ነው። በየዓርቡ ከትምህርት ቤት አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይሰጧቸዋል፤ ትዕግሥትና ደግነት ይማሩበት ተብሎ። በዚያኛው ዓርብ የመጣው ስምንት ቅጠል ነው። ልጆች ጄሪካን ይዘው ቦኖ ውሃ ላይ ተሰልፈዋል። አንዱ ልጅ ሁሉንም እየገፋ ፊት ይደርሳል። አንዲት ልጅ ደግሞ ተራዋን ለአንዲት አሮጊት ትለቃለች። አለቀ። ይሄን ለመናገር ስምንት ቅጠል።

ሠዓሊው ሕግ አያውቅም። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በመቋሚያው ጫፍ እያመለከተ ነው ሥዕል ማንበብ ያስተማረኝ። ጻድቅ ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ሰይጣንና ጭፍሮቹ፣ ከሐዲና ገራፊው በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። በዚህ መጽሐፍ ግን የተሰለፉት ሁሉ ወደ ውሃው ስለሚያዩ በጎን ተሥለዋል። ደጊቱ ልጅ አንድ ዓይን፣ አሮጊቷ አንድ ዓይን። ገፍታሪው ብቻ ዞሮ እየሳቀ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል። ታዲያ ጻድቁ ማን ነው? ለቃል በሕጉ መሠረት ነገርኳት፤ ገፍታሪው ደግ፣ ሰልፈኛው በሙሉ የሰይጣን ጭፍራ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ይሄ ነው ወንጀሌ። ሠላሳ ዓመት በመዘዞና በሰላ ድንጋይ በግ ስከትብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከወረቀት ትዕግሥት የተማረ ፍጡር አላየሁም። መጥራት ከፈለጉ ሠዓሊውን ይጥሩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሄድኩ። ተገድጄ አይደለም፤ ልነግራቸው ነው።

ያስቀመጡኝ የልጆች ወንበር ላይ ነው። ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። በዚህ ቁመና ማንም ሰው ተከራክሮ አያሸንፍም፤ ሆን ብለው ነው።

መምህርቷ ሰናይት ትባላለች፤ የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ብርዳችንን ሁለት ሹራብ ደርባ ነው የምትችለው። እኔም መግቢያ እንዲሆነኝ፣ ለቆመ መኪና ሁሉ እየሮጠ ቆሎ የሚሸጥ አገር ትዕግሥት ከየት አምጥቶ ያስተምራል ብዬ ወረፍኳት። አልሳቀችም። ከዚያ የሥዕሉን ሕግ አንድ በአንድ አስረዳኋት። እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሰው እስከ መጨረሻው ሲሰማኝ አልወድም፤ ከኋላው ነገር አለ።

ነበረውም። «አባባ፣ ይሄን ዛሬ ገና መስማቴ ነው፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ረድኤትን ያውቋታል?» አለች።

አላውቃትም። ረድኤት ከቃል ጎን የምትቀመጥ ልጅ ናት። አንድ ዓይኗ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ጤነኛውን በነጭ ፕላስተር ሸፍኖ ደካማው ሥራ እንዲለምድ አዟል። በቀን ስድስት ሰዓት፣ ለወራት። አሁን በልጅነቷ ካልሆነ አድጋ ቢሉት የማይመለስ ነገር ነው አሉ። ከመስከረም ጀምሮ ስድስቷን ሰዓት አንድም ቀን ሳታጎድል ችላ ቆይታለች። ባለፈው ሐሙስ ቃል በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ አንቺ የሰይጣን ነሽ፣ አንድ ዓይን ነው ያለሽ፣ አባባ ነግሮኛል አለቻት። ልጅቷ ፕላስተሩን ገንጥላ ጣለች። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲለጥፍላት አልፈቀደችም። ትምህርት ቤትም አልመጣችም።

በክብር ብድግ ብዬ ልወጣ ስል ወንበሯ ቂጤ ላይ ተጣብቃ አብራኝ ተነሳች። በሩ ላይ ያሉ ልጆች ሳቁ። መምህርቷ ግን ወንበሯን ቀስ ብላ ነቀለችልኝ እንጂ አልሳቀችም። ቢሳቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቀላል መስሎኝ ነበር። ያበላሸሁትን በአፌ እመልሳለሁ አልኩ። ጠዋት ቃልን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ያ የነገርኩሽ ነገር ለግድግዳ ሥዕል እንጂ ለሰው አይሠራም፣ ረድኤት ደግ ልጅ ናት አልኳት።

«የምር ነው የቀልድ?» አለችኝ።

የምር ነው አልኳት። ያኔም የምር ብለህ ነበር አለች። ከዚያ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። የብርቱካን ፍሬ ከዋጥሽ በጆሮሽ ዛፍ ይወጣል ብያለሁ። እናትሽን ያገኘናት መዘዞ ገበያ የበግ ፀጉር ጆንያ ውስጥ ነው ብያለሁ። ሹሩባሽን በግ ሲሸለት አብረን እንሸልተዋለን ብያለሁ። ለዚህኛው ሁለት ሌሊት አልቅሳለች ለካ፤ አላውቅም ነበር። ጣቶቿ አለቁባት፤ የእኔን እጅ ስባ ቀጠለች።

በአንድ ፊት እውነቱንም ቀልዱንም ሳወራ ኖሬ፣ አሁን እውነት ሲቸግረኝ የሚቀበለኝ ጠፋ። የተናደድኩት በልጅቷ ነው። ከዚያ በአስናቀች። ከዚያ ሬዲዮኑን ዘጋሁት፤ እሱም ሲያወራ አናደደኝ።

አስናቀች ማታ ራት እያቀረበች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «አባዬ፣ እኔንም እንዲህ ነበር የምታደርገኝ። እኔ ግን እውነቱን የማይበት መጽሐፍ እንኳ አልነበረኝም።» ወጡን አልጨረስኩትም። ጨው በዝቶበታል ብዬ ነው። አልበዛበትም ነበር።

ይሄ ደብተር የእኔ ስለሆነ እውነቱን ልጻፍ። ሕጉን ያወራሁት ለሕግ ተቆርቁሬ አይደለም። ከሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አለ፤ ደጊቱ ማን እንደሆነች ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ቃል ፊደል መለየት ጀምራለች። እንዳታነበው በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነው የተረኩላት። አስናቀች በየማታው ያንን መጽሐፍ በለስላሳ ድምፅ ስታነብላት ልጅቷ እኔን ረስታ ነበር። ቀናሁ። የሚያስቃት እኔ መሆን አለብኝ።

ደግሞ የከፋ አለ። በማግስቱ ቃል መጥታ «ረድኤትስ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ዜና እየሰማሁ ነበር። ከመጽሐፉ ሰልፍ ውስጥ ያለች መስላኝ፣ አዎ እሷም አልኩ። ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ረድኤትን የምታሳድጋት አያቷ ናት፤ እትዬ ማሚቴ። ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ከእንዝርቷ ቀና ሳትል ማንነቴን አወቀች። ከተማው ትንሽ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አልኳት። እንዝርቷን አዞረች። ልጅ ናት ተሳስታ ነው አልኩ። አዞረች። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ቀልድ ነው ያወራሁት፣ አልኩ። ያን ጊዜ አቆመች።

«እኔን መች በደልከኝና? የበደልከው ልጅቷን ነው። ወግ የምታውቅ ከሆንክ ሽማግሌ ላክባት። ብርቱካንህንም ይዘህልኝ ሂድ።»

ለአምስት ዓመት ልጅ ሽማግሌ። ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልቀለደችም። ልጅቷ በሩ ጥግ ቆማ ታየኛለች፤ ወደ እሷ ስዞር ግራ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፤ ከዚያ እጇን ቀየረችና ሌላውን ሸፈነች። የትኛውን መደበቅ እንዳለባት አታውቅም።

እስከ ቤቴ ብርቱካኑን እንደ ድንጋይ ተሸክሜ ሄድኩ። በመንገድ ላይ የተናደድኩባቸው፦ እትዬ ማሚቴ። ያቺ ደብረ ሲናዬ። የዚያ መጽሐፍ ሠዓሊ፣ ልጆቹን ዞር በሉ ቢላቸው ምን ነበረበት። ቅዝቃዜው። ከፊት ለፊቴ የሚሄድ አህያ፣ ያለምንም ምክንያት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሽማግሌ ፍለጋ። ጓደኛዬ በለጠ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ነው። ነገሩን ስነግረው አልጋው ላይ ወድቆ ሳቀ። ሚስቱን ጠርቶ እንደገና እንድነግራት አደረገኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ስናገር እኔ ራሴ ጆሮዬ ቀላ። እሺ እመጣለሁ፣ አንተን ሲፈርዱብህ ለማየት ደሴ ድረስም እነዳለሁ አለ።

ሁለተኛው የንስሐ አባቴ ናቸው። እሳቸው አልሳቁም። ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ቆመን ጨረስኩላቸው፤ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ወጉ። «ያ ሥዕል የተሣለው ሰይጣንን እንድታውቅበት ነው እንጂ ጎረቤትህን እንድትለይበት አይደለም። አባትህ ቢሰማህ በዚያው በመቋሚያው ነበር የሚልህ» አሉኝ። በሰባ አራት ዓመቴ ዘንድሮ የሚቆጣኝ ሰው በዛ።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ማጠን ጀመረ። ጭሱ መንደሩን ሞላው። ቃል ዓይኗን እያሸች መጥታ፣ ረድኤት ጭስ ሲገባባት አንዱ ዓይኗ ነው የሚያለቅሰው ሁለቱም? አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የቀልድ መልስ አፌ ላይ ነበረ፤ ዋጥኩት። አልወረደልኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሄድን። ወጉ እንደሚያዘው ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ጥፋተኛው እኔ ከአጥር ውጭ ቀረሁ። እትዬ ማሚቴ ልጅቷን ትንሽ ዱካ ወንበር ላይ አስቀምጣላቸዋለች። ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ቆመው ጀመሩ። የንስሐ አባቴ ድምፅ ይሰማኛል። ከአብርሃም ተነስተዋል። ቶሎ እንደማይደርሱ አውቃለሁ።

ትንሽ ቆይቶ በጓሮ በኩል ኮቴ ሰማሁ። ረድኤት ናት። አፈትልካ ወጥታ መጥታለች። እነሱ ውስጥ ባዶ ዱካ ይለምናሉ።

በአጥሩ እንጨት መሐል አየችኝ። «ለምንድን ነው የማይቀመጡት?»

«የአንቺን መልስ እየጠበቁ ነው።»

«ምን ብለው ጠየቁኝ?»

«እኔን ይቅር እንድትይኝ።»

አሰበች። «የሰይጣን ነሽ ያልከኝ አንተ ነህ?»

አላልኩሽም ለማለት መንገድ ነበረኝ። አላውቅሽም ነበር፣ ቃል ተሳስታ ነው፣ ሥዕሉ ነው፤ ሁሉም እውነት ነበር። እኔ ነኝ አልኳት።

«ለምን?»

«ለመሳቅ።»

«ሳቅህ?»

«ሳቅሁ።»

በሁለት ዓይኗ ፊት ለፊት አየችኝ። ደካማው ትንሽ ወደ አፍንጫዋ ያዘነብላል። ትቆጣለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። «ቆይ» አለችና ተመልሳ ሄደች። በቃ፤ ቆይ።

ሽማግሌዎቹ ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ሲወጡ በለጠ ያነክሳል፤ መሳቁን ትቷል። እትዬ ማሚቴ እስከ በሩ ሸኝታን፣ ልጅቷ ቆይ ብላለች፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ተመለሱ አለች። ሌላ ቀጠሮ። ስለ መሬት ዳኛ ፊት የተከራከርኩ ሰው፣ ጄሪካን በማታክል ልጅ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ተናድጄ ምሳ በላሁ፤ ተናድጄ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

በለጠ ጉልበቴ ብሎ ቀረ። የንስሐ አባቴም ሌላ ቤት ተጠርተዋል። ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ ማሚቴ አየችኝና ያለ ሽማግሌ ደፈርክ አለች፤ ግን በሩን አልዘጋችም።

የፕላስተሩን ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ልጅቷን ትለምናለች። እምቢ። ታባብላለች። እምቢ። ያን ጊዜ ቀረብ ብዬ አየሁ። የረድኤት ቅንድብ ዳር ዳሩ ተላልጧል፤ ፀጉሩ በየቦታው የለም። አሥር ቀን ሆኖት ገና አልዳነም። ማን እንደሚያነሳላት ጠየቅሁ። እኔ ነኝ አለች እትዬ ማሚቴ፤ በአንድ ጊዜ ቦጭ ሲደረግ ሕመሙ ቶሎ ያልፋል ብላ ነው። በየቀኑ። ከመስከረም ጀምሮ።

በንዴት ድምፄ ወጣ። የበግ ቁስል እንኳ እንደዚህ አይነሳም፤ በደረቁ ማን አዘዘሽ አልኳት። ደነገጠች። ማንም አልነገራትም። ሐኪሙ መለጠፉን ነው ያሳያት፤ ማንሳቱን ማን ያስባል። ያቺ ልጅ የቃልን ስድብ ሳትሰማም በፊት በየማታው ይገነጠልባት ነበር፤ ችላ ዝም ብላ ነው። የእኛ ስድብ መጨረሻው ነው የሆነባት።

አንድ ፕላስተር ክንዴ ላይ ለጠፍኩ፤ ፀጉራም ነኝ። በይ አንሺው አልኳት ረድኤትን። በአንድ ጫፍ ያዘችና ቀስ እያለች፣ አንዷን ፀጉር ከአንዷ እየለየች ጎተተችው። ጮኽኩ፤ የምሬን ነው። ሳቀች። ሌላ ለጥፍ አለችኝ። ሦስት ጊዜ ገነጠለችኝ፤ እትዬ ማሚቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አራተኛውን ለብ ያለ ውሃ በነከርኩት ጥጥ አራስኩና ዳር ዳሩን የምግብ ዘይት ቀባሁት። ጠበቅን። ጠበቅን። በራሱ ለቀቀ። ክንዴን አገላብጣ አየች። ፀጉሩ እዚያው አለ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ዛሬ አትለጥፊም ወይ ሲሏትም «ነገ» አለች። ወጣሁ። ቅበላ ነው ብላ አስናቀች ጠብሳ ጠበቀችኝ፤ ክንዴን አይታ ምን ሆንክ አለች። ልጅ ደበደበኝ አልኳት። የምር ነው የቀልድ? አለችኝ እሷም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም መግቢያ

ጠዋት ቃልን ላደርስ ብዬ በሩ ላይ ቆየሁ። ረድኤት የአያቷን እጅ ይዛ መጣች። ነጩ ፕላስተር አለ። በአጠገቤ እንደ ምሰሶ ቆጥራ አለፈችኝ።

ቃል ተከትላት ገባች። በመስኮት አየሁ፤ አፍሬም ነበር፣ ግን አየሁ። ቃል ከጎኗ ስትቀመጥ ረድኤት ወንበሯን አንድ ጋት ራቅ አደረገች። ወደ ሌላ ጠረጴዛ ግን አልሄደችም። ቃል አንድ ነገር አለቻት፤ አልሰማሁም። ቃል እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ያቺ ልጅ ዝም ብላ ስትቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። መምህርቷ ናት። ረድኤት በቃኝ ብላለች፤ ማንም ግን እንዲነካት አትፈቅድም፤ ባለ ዘይቱ ሽማግሌ ይምጣ ነው የምትለው አለችኝ። ዘይቱን በመድኃኒት ጠርሙስ አድርጌ፣ ጥጥ ይዤ፣ ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ ይዤ ሄድኩ። እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል። ያችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አራስኩት፤ ቀባሁት፤ ጠበቅን። ፕላስተሩ ለቀቀ። አንድም የቅንድብ ፀጉር አልወጣም፤ ብርሃኑ ላይ ይዤ አየሁት።

«ዘግይተሃል» አለችኝ።

ሦስት ሰዓት ነው የቆየችበት። አስናቀች ስትሰማ ደስ አላት፤ እትዬ ማሚቴም ግማሽ መንገድ ነው ብላ ምርቃት ላከችልኝ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲል ንዴቴ ይቀድመዋል። ከእኔ ቀልድ በፊት ስድስት ሰዓት ነበር። ሦስቱን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ከነዚያ አሥር ቀናት ጋር። ሐኪሙ ጠፍተው የቀሩት ቀናት ምን ያህል እንደጎዷት የሚያውቀው በሚቀጥለው ወር ሲያያት ነው።

ነገ አራት ሰዓት ትቆይ ይሆን? አላውቅም። እሷም አልነገረችኝ። ጠርሙሱን ሞልቼ በሩ ጋ አስቀምጬዋለሁ።